ሁለተኛው ጉርሻ

አንድ ሰው ነበረ፤ አፉ አልከፈት ያለው። አትሳቂ ስመኝ፣ ስትስቂ መንጋጋሽን ያምሻል። «የጥርስ ሐኪሙ ስተኛ ጥርሴ ላይ የማጠልቀው ሽፋን ሰጥቶኛል፤ ታዲያ በሱ ላይ ደግሞ መስታወት ፊት ቆሜ እንደ ዓሣ አፌን ስከፍትና ስዘጋ የምውለው ለምንድን ነው? አንዱ አይበቃም ወይ?» ብለሽ ጠይቀሽኛል። እኔ አክስትሽ ከሁለተኛ ክፍል አላለፍኩም፤ የሐኪም ቋንቋ አላውቅም። የዚህን ሰው ነገር ግን አውቃለሁና እሱን ልንገርሽ።

ሰውየው ገበሬ ነው። አንድ በሬ አለው፤ ታናሽ ወንድሙም አንድ በሬ አለው። በአገራችን ወግ ባለ አንድ በሬዎች ይቀናጃሉ፤ ሁለቱን በሬ በአንድ ቀንበር ጠምደው ዛሬ ያንተን፣ ነገ የኔን እያሉ ያርሳሉ። ወንድማማቾቹም እንዲህ ሲኖሩ ኖረው፣ አንድ ዓመት የማን ማሳ ይቅደም በሚል ተጣሉ። በየካቲት ሽማግሌዎች ገብተው አስታረቋቸው። እርቁ ሲያልቅ ምግብ ቀረበ፤ ታናሽየው በእጁ ጠቅልሎ ለታላቁ ጉርሻ ዘረጋ። ታላቁ ፊቱን አዞረ።

እንዲህ ያለ ነገር አይደረግም። የእርቅ ጉርሻ የማይጎርስ ሰው «ቂሜን አልተውኩም» ያለ ነው። ታናሽየው ጉርሻውን መሶቡ ላይ መልሶ አስቀመጠ። ወጣ፣ በሬውን ፈታ፣ ሄደ።

እውነቱ ግን ሌላ ነበር። ገበሬውን ለዓመታት ከጆሮው ሥር ያመዋል። ሲያላምጥ መንጋጋው ቀጭ ቀጭ ይላል፤ ተኝቶ ጥርሱን ሲያፋጭ ሚስቱ ጎረቤት ወፍጮ የተከለ ይመስላት ነበር። ያን ቀን ደግሞ ጭራሽ ተያዘና ከአንድ ጣት በላይ አልከፈት አለው። «አሞኛል» ቢል ያበቃ ነበር። ግን ሽማግሌ ፊት መንጋጋዬን አመመኝ ማለት የሕፃን ነገር መሰለውና ዝም አለ። አየሽልኝ የወንድን ነገር፤ አፉን ከመግለጥ ወንድሙን ማጣት ቀለለው።

ከዚያ የመንደሩ ጥርስ ነቃይ ዘንድ ሄደ። ነቃዩም አፉን በግድ ፈልቅቆ አንድ ጥርስ አወጣለት። ሕመሙ እዚያው ነው፤ የጎደለው ደህናው ጥርስ ነው። ሁለተኛ ሊያስነቅል ሲነሣ ሚስቱ «ጥርስህ ሲያልቅ ጆሮህን ልታስነቅል ነው?» ብላ፣ ክንዱን ይዛ ከተማ ወሰደችው።

የጥርስ ሐኪሙ ከጆሮው ፊት ለፊት ጣቱን አሳርፎ ይክፈቱ፣ ይዝጉ አለው። ጥርስዎ አይደለም፣ የመንጋጋዎ መጋጠሚያ ነው፤ ተኝተው ሲያፋጩ እያደከሙት ነው አለው። የጥርሱን ልክ ወስዶ ሽፋን ሠራለትና ወደ ፊዚዮቴራፒ ክፍል ላከው። ገበሬው ወጌሻ ይጠብቀኛል ብሎ ነበር፤ ይዞ የሚጎትት፣ ቋ አድርጎ የሚመልስ። የጠበቀችው ግን አንዲት ቀጭን ልጅ ናት። ጉንጩን በሁለት ጣቷ ቀስ እያደረገች አሸችው። ምላስዎን ላንቃዎ ላይ ያሳርፉ፤ ካልበሉ በቀር የላይና የታች ጥርስዎ አይነካኩ፤ መስታወት እያዩ፣ አፍዎ ወደ ጎን ሳይሄድ፣ ቀስ ብለው ይክፈቱ፤ በቀን ስድስት ጊዜ አለችው። ገበሬው በልቡ ሳቀባት። አፍ መክፈትማ ከእናቴ ሆድ ስወጣ የቻልኩት ነው ብሎ ሽፋኑን አጠለቀ፣ ልምምዱን ተወ።

ወር ሆነው። ማፋጨቱ ቀረና ሚስቱ እንቅልፍ አገኘች። ጠዋት ጠዋት የሚያመውም ቀለለ። አፉ ግን ያው አንድ ጣት ነው። ሚያዝያ አለቀ፤ አገሩ ሁሉ ያርሳል፣ የሱ በሬ ብቻውን ቆሞ ያመሰኳል፣ የወንድሙም እንዲሁ። ተናዶ ልጅቷ ዘንድ ተመለሰና ሽፋናችሁ አልሠራም አላት።

«አባቴ፣ ስንት በሬ አለዎት?» አለችው።

«አንድ።»

«በአንድ በሬ ያርሳሉ?»

የነካችው ቁስል ነው፤ እሷ ምን ታውቃለች።

«መንጋጋዎም ሁለት በሬ ነው፤ አንዱ ግራ፣ አንዱ ቀኝ፣ ቀንበሩ አንድ። ሽፋኑ አሳርፏቸዋል። አብሮ መሄዱን ግን ረስተውታል፤ እሱን የሚያስተምሯቸው እርስዎ ነዎት።»

ይሄ ለገበሬ ይገባዋል። ከዚያ ቀን ጀምሮ በቀን ስድስት ጊዜ አጥሩ ሥር ቆመ። ሚስቱ መስታወት ትይዝለታለች፤ ሳቋ ሲመጣ መስታወቱ ይንቀጠቀጣል፤ እሱ አፉን እንደከፈተ ይቆጣታል፣ ንግግሩ አይሰማም፣ ይብስ ትስቃለች። በሁለተኛው ሳምንት ሁለት ጣት ገባ። በስድስተኛው ሦስት ጣት ተደርቦ ገባ። ሚስቱ እልልታዋን ስታቀልጠው ጎረቤቶች ላሟ የወለደች መስሏቸው መጡ።

የሰኔ ሚካኤል ዕለት ታናሽየው ዝክር ነበረው። ታላቁ ሳይጠራ ገባ። ገበሬው እመሶቡ ፊት ተቀመጠና ሦስት ጣቱን ደርቦ አፉ ውስጥ ከተተ። ሰው ሁሉ አበደ ብሎ ተያየ። ጣቱን አወጣና ወንድሙን ቀና ብሎ አየው።

«ያን ጊዜ የተዘጋው አፌ ነው፤ ልቤ አልነበረም። አሞኝ ነበር፣ አፍሬ ሳልነግርህ ቀረሁ። አሁን ይከፈታል፤ አጉርሰኝ።»

ታናሽየው ተነሥቶ እጁን ታጠበ። የጠቀለለው ጉርሻ የጥጃ ራስ ያህላል፤ የአራት ወር ቂሙን በሙሉ የጠቀለለበት ይመስላል። ገበሬው አየውና «ወንድሜ፣ ያከመችኝ ልጅ የፈቀደችልኝ እኮ ሦስት ጣት ነው» አለ። ቤቱ በሳቅ ተናጋ። ታናሽየውም እየሳቀ፣ እንባውን በክንዱ እየጠረገ፣ ጉርሻውን ለሁለት ከፈለው። አንዱን አጎረሰው። ገበሬው ቀስ ብሎ አላመጠ፤ ቀጭ አላለም። ሁለተኛውንም አጎረሰው። ይሄኔ ጥግ የተቀመጡት ሽማግሌ «አንድ ጉርሻ ያጣላል፣ ሁለት ያፋቅራል እያልን አርጅተን፣ በየካቲት ሁለተኛውን ሳናይ ሰው በተንን» አሉ።

በማግስቱ ሁለቱ በሬዎች በአንድ ቀንበር ወጡ። የማን ማሳ ቀደመ ብለሽ አትጠይቂኝ፤ እነሱም አያስታውሱትም።

እንግዲህ ስመኝ፣ የጥርስ ሐኪሙ ሽፋን የመጀመሪያው ጉርሻ ነው። ደግ ነው፣ ያሳርፍሻል፣ ጎርሰሽዋል። መስታወት ፊት መቆሙ ሁለተኛው ነው። አንዱን ጎርሰሽ ለሁለተኛው ፊትሽን ብታዞሪ፣ የመጀመሪያው ብቻውን አፍሽን አይከፍትልሽም፤ ገበሬው ወር ሙሉ እንዲያ ሆኖ አየው። ሲያምሽም አሞኛል በይ፤ ዝምታ ያጣላሻል እንጂ አያድንሽም። ሠርግሽ ደግሞ ጥቅምት ላይ ነው፤ የኔን ጉርሻ ታውቂዋለሽ፣ ሦስት ጣት ገና መጀመሪያው ነው። በይ መስታወቱን አምጪ፣ እኔ እይዝልሻለሁ። ሳቄ መጥቶ ከተንቀጠቀጠ ቀጥ ብለሽ ክፈቺ፤ የሚወዛወዘው መስታወቱ ነው፣ አንቺ አይደለሽም።