ሲታጠብ የከረመው ስፖንጅ

አንድ ሰው ሽማግሌ አባቱን ከዝዋይ አምጥቶ አዲስ አበባ ቤቱ አስቀመጣቸው። አባትየው አቶ ደገፋ ዕድሜያቸውን ሙሉ ሐይቅ ላይ መረብ ሲጥሉ የኖሩ ናቸው። ጉልበታቸው እምቢ ሲላቸው ወደ ልጃቸው መጡ። መጡና ምን አደረጉ? ግድግዳውን እያዩ ዝም አሉ።

ልጃቸው ምትኩን ዝምታው አስፈራው። አሰበ፣ አሰበና አኳሪየም የሚሉትን ትልቅ የመስታወት የዓሣ ማኖሪያ ገዝቶ ከወንበራቸው ፊት ለፊት አቆመ። «ሐይቁን ባላመጣላቸው ዓሣ እንኳ ይዩ» አለ።

ነገር ግን ወገኖቼ፣ አዲስ ውሃ ውስጥ ዓሣ ዝም ተብሎ አይጨመርም። ከዓሣው የሚወጣው ቆሻሻ አሞኒያ ይሆንና ዓሣውን መልሶ ይገድለዋል። ያንን መርዝ የሚበሉ፣ በዓይን የማይታዩ ባክቴሪያዎች አስቀድመው መራባት አለባቸው። ስለዚህ ምትኩ ዓሣ ሳያስገባ ጥቂት ጥቂት አሞኒያ ጠብ እያደረገ ይቀልባቸው ጀመር። መርዙ በራሱ ጊዜ ሲጠፋ ውሃው ደረሰ ማለት ነው።

መጀመሪያ ላይ ደህና ነበር። ሲለካው አሞኒያው እየቀነሰ ሄደ። ከዚያ ቀጥ አለ። ሳምንቶች አለፉ፤ ፈቀቅ የለም።

አንድ ቀን አባትየው ተናገሩ። «ልጄ፣ ውሃ ብቻማ ቧንቧውም ላይ አለ።»

ምትኩ ሳቀ፤ ሆዱ ግን አልሳቀም። አባቱ ምግብ እየገፉ፣ እየከሱ ነበር። ዓሣውን ሳያዩ ቢያመልጡኝስ? «ነገ ዓሣውን እጨምራለሁ፤ የመጣው ይምጣ!» ብሎ ወሰነና እንደ ልማዱ የአኳሪየሙን የውሃ ማጣሪያ ፈቶ በውስጡ ያለውን ስፖንጅ ቧንቧ ሥር ያሸው ጀመር።

ሚስቱ ወይንሸት አጠገቡ ቆማ ሰሃን ታደርቃለች።

«ምንድን ነው ሁልጊዜ የምታጥበው?»

«ቆሻሻውን ነዋ። እይው፣ ያዳልጣል።»

«እነዚያ የምትጠብቃቸው ባክቴሪያዎች የት ነው የሚኖሩት?»

«እዚሁ ስፖንጁ ላይ።»

«የቧንቧው ውሃ ክሎሪን የለውም?»

ምትኩ ስፖንጁን ከውሃው ሥር አወጣው። ክሎሪን ምን እንደሚሠራ ጠፍቶት አይደለም፤ ጀርም ይገድላል። እጁን የሚያዳልጠው ያ ቡናማ ነገር ሲጠብቀው የከረመው ነበር። በተራባ ቁጥር ሙልጭ አድርጎ አጥቦ ሲገድለው ከርሟል!

ቧንቧውን ዘጋ። ስፖንጁን መለሰ። ከዚያ በኋላ የሠራው ሥራ ከሁሉም ከበደው፦ እጁን መሰብሰብ። መስታወቱ ሲደበዝዝ አየ፤ አልነካም። ስፖንጁ ሲጠቁር አየ፤ አልነካም። ጠብታውን ብቻ ሳያቋርጥ ቀጠለ። አንድ ጠዋት ቢለካው መርዙ የለም።

ዓሣዎቹ የገቡ ዕለት አቶ ደገፋ ራታቸውን ወደ መስታወቱ ዞረው በሉ። ሰሃኑን ጨረሱ። ከዚያም «ወይንሸት፣ ያቺ ትንሿ ፈሪ ናት። ምግብ ስትበትኑ በዚህ በኩል በትኑላት» አሉ። ከዚያ ወዲያ ያ ቤት ወሬ አጥቶ አያውቅም።

ወገኖቼ፣ እናንተስ ምን እያጠባችሁ ነው?

ጸሎት ትጀምራላችሁ። ጥቂት ቀን ቃል ይደርቅባችኋል። «ይሄ ጸሎት አይደለም» ብላችሁ ትተዉና በአዲስ ዓመት እንደ አዲስ ትጀምራላችሁ። ከእህታችሁ ጋር ትታረቃላችሁ። ንግግራችሁ ገና ሻካራ ነው፤ «ከልብ አልታረቅንም» ብላችሁ የድሮውን ሁሉ እንደገና ታወጣላችሁ። ጌታ ሥራውን ጀምሮ ነበር እኮ! መልኩ አላምር ቢላችሁ እናንተ አጠባችሁት።

ኃጢአትን ታቅፋችሁ ተቀመጡ እያልኩ አይደለም። ክፋት ይታጠብ። ግን ያላማረ ሁሉ ክፋት ነው? ያላለቀ ሁሉ ቆሻሻ ነው?

ዛሬ ቤታችሁ ስትገቡ አዲስ ስእለት አትሳሉ። ትናንት ያቋረጣችሁትን ያንኑ ደረቅ ጸሎት ቀጥሉት። ለእህታችሁም ደውሉ፤ ወሬው ቢያጥርም ደውሉ። ነገም ደውሉ።