ዳገቱ መሃል ያለው ግንብ

አንድ ኩሊ ነበረ። ቆይ መሳፍንት፣ ጥያቄህን ረስቼው አይደለም። ሐኪሟ በቀን አሥር ደቂቃ ቁጭ በል፣ ዓይንህን ጨፍነህ ትንፋሽህን ብቻ ተከታተል አለችህ። አንተ ደግሞ ገና ስትቀመጥ ልብህ ይብስ ይደልቃል፣ ደረትህ ይጠብሃል። «የሚያስጨንቀኝን ነገር የጭንቀት መድኃኒት ነው ብላ ሰጠችኝ፤ ይሄ ምን ይሉታል?» አልከኝ። የምነግርህ ለዚሁ ነው፣ ስማኝ።

የሰውየው ሥራ ከታች ገበያ ዕቃ ተሸክሞ ዳገቱን መውጣት ነበር። መኪና የማያስገባ ጠባብ የድንጋይ መንገድ ነው። ያን ዳገት የሚወጡ ኩሊዎች ሸክማቸውን መሬት አያስቀምጡም። አንዴ መሬት ከነካ ሁለት ሰው ካላነሣላቸው ብቻቸውን መልሰው አይሸከሙትም። ስለዚህ ዳገቱ መሃል ላይ ወገብ የሚደርስ የድንጋይ ግንብ አለ። እዚያ ሲደርሱ ዞር ይሉና የሸክሙን ግርጌ ግንቡ ላይ ያሳርፋሉ። ገመዱን አይፈቱም። ክብደቱን ግንቡ ይዞላቸው ትንሽ ይተነፍሱና ይቀጥላሉ። የግንቡ አናት ከጆንያው ብዛት የተነሣ ልሙጥ ሆኗል።

ይሄ ሰውዬ ግን አያርፍም ነበር። ሌሎቹ ሲያርፉ አጠገባቸው እያለፈ «ምነው፣ ግንቡን አገባኸው እንዴ?» ብሎ ይስቅባቸዋል። እነሱም ጉልበተኛ ስለሆነ ይመስላቸዋል። እውነቱ ሌላ ነው። ወንድሙን ከቀበረ ወዲህ ደረቱ ላይ የሆነ ነገር ተቀምጦበታል። ጠዋት ሲነቃ ምን እንደሚፈራ ሳያውቅ ይፈራል። ሲሮጥ ብቻ አይሰማውም፤ ስለዚህ ይሮጣል።

አንድ ቀን አንዲት ባለ ሻይ ቤት ሦስት ካርቶን ብርጭቆ አሸከመችው። ካርቶን ሙሉ ብርጭቆ የሰበረ ኩሊ በዚያ ገበያ ሁለተኛ የሚያሸክመው የለም፣ እንጀራው አለቀ ማለት ነው። እሱ እንደ ልማዱ እየሮጠ ወጣ። ግንቡ ጋ ሲደርስ ግን ዓይኑ ጭልም አለበት። እዚያ አንድ ሽማግሌ ፀሐይ እየሞቀ ተቀምጧል። በጉብዝናው ዘመን እሱም ኩሊ ነበር። አየው አየውና «ልጄ፣ ጀርባህን ወደ ግንቡ አዙር» አለው።

አዞረ። ካርቶኑ ግንቡ ላይ አረፈ። ምን ሆነ መሰለህ? ያን ጊዜ ነው እግሩ መንቀጥቀጥ የጀመረው። ልቡ ከአፉ ልትወጣ ደረሰች። ይኸው ማረፍ ሊገድለኝ ነው ብሎ፣ ሸክሙን አንሥቶ ሊሮጥ ሲል ሽማግሌው ተነሣና መዳፉን ደረቱ ላይ አድርጎ ወደ ግንቡ መለሰው።

«እግርህ እዚህ አልጀመረውም» አለው። «ከገበያው ጀምሮ ሲንቀጠቀጥ ነው የመጣው። እየሮጥክ ስለነበር አላወቅኸውም።»

ታዲያ ምን ላድርግ ቢለው፣ ምንም አታድርግ፣ ትንፋሽህ ሲገባና ሲወጣ ስማው አለው። እንዲያ ሳደርግ ሸክሙ ይቀልልኛል ወይ ብሎ ጠየቀ። «አይቀልልህም። ብርጭቆ ብርጭቆ ነው» አለው ሽማግሌው።

ሰውየው ቆመ፤ ሐሳቡ ግን አልቆመም። ሽማግሌው ፊቱን ያያል፣ «የት ሄድክ?» ይለዋል።

«ሻይ ቤቱ ጋ።»

«ተመለስ።»

ትንሽ ይቆይና፣ «አሁንስ?»

«ወንድሜ መቃብር ጋ ነበርኩ።»

«ደርሰኸው መጣህ። ጥሩ። በል ተመለስ።»

አልተቆጣውም። መቶ ጊዜ ቢሄድ መቶ ጊዜ ሊጠራው የተቀመጠ ነው የሚመስለው። በመሃል ሰውየውን እንባ ቀደመው፤ ሽማግሌው ያን ጊዜ ፊቱን ወደ ዳገቱ አዞረ።

የእግሩ መንቀጥቀጥ ወዲያው አልቆመም። አነሰ። ዓይኑም ሲጠራለት መንገዱን ድንጋይ በድንጋይ አየው። ስንት ዓመት ወጥቶታል፣ አይቶት ግን አያውቅም ነበር። ከዚያ ቀስ ብሎ ሸክሙን ከግንቡ አላቀቀና ሄደ። ሻይ ቤት ደርሶ ካርቶኑ ሲፈታ ሁለት ብርጭቆ ተሰንጥቆ ተገኘ፤ ታች ሲሮጥ ይሆናል። ሴትየዋ አጉረመረመች፣ በሳምንቱ ግን እሱኑ ጠራችው። ከዚያ ወዲህ ግንቡ ጋ ደርሶ ሳይዞር አያልፍም። ጎረምሶቹ «አገባኸው እንዴ?» ሲሉት፣ «አዎ፣ ሠርጉ ላይ አንተን አልጠራሁህም» ይላል።

አንተም መሳፍንት፣ እንደዚያ ኩሊ ነህ። ስትቀመጥ የሚደልቀውን ልብህን መቀመጥህ አላመጣውም። ቀኑን ሙሉ ሲደልቅ የዋለ ነው። ስልክ ስትነካካ፣ ከሰፈር ሰፈር ስትዞር አልሰማኸውም፤ ስትቆም ሰማኸው። ሰማኸው ማለት ባሰብህ ማለት አይደለም። አሥር ደቂቃ ከበዛብህ በሁለት ጀምር። መጨፈኑ ካስፈራህ ዓይንህን ግለጥ፣ ያ ኩሊ መቼ ጨፈነ? ደግሞ ግንብ ሸክም ያሳርፋል እንጂ ቤት አያደርስም። ክኒንህን አትተው፣ ሐሙስ ቀጠሮህ ላይ ተገኝ፣ ደረትህ ሲጠብህም ጠበበኝ ብለህ ለሐኪሟ ንገራት። ከባዱን ዕቃ ኩሊም ለሁለት ነው የሚይዘው።

እኔን ታውቀኛለህ፤ አንድ ቦታ መቀመጥ አቅቶኝ ነው ስምንተኛ ክፍል ላይ ደብተሬን የጣልኩት። ቢሆንም ና፣ እዚሁ ደረጃው ላይ እንቀመጥ። ሐሳብህ ሲነጉድ «የት ሄድክ?» እልሃለሁ። እኔ ስጠፋ ደግሞ አንተ ጥራኝ።