የእንኮዬ ጀርባ

«ቁስልህን ሸፍነው፤ ዝንብ እንዳያየው» ይሉ ነበር የባዘዘው አባት። ማለዳ ሲነሱ ይሏታል፣ ከጸሎት ሲመለሱ ይሏታል፣ ሲሞቱም እሷኑ ብለው ሞቱ። ነፍሳቸውን ይማር። ለልጃቸው መሬትም ከብትም አላወረሱትም፤ ያወረሱት ይህችን ቃል ብቻ ነው። ልጅ ደግሞ ያባቱን ውርስ አይጥልም።

ነገሩ የሆነው ድሮ ነው፤ እግዜር ለእንስሳ አንደበት ሳይነፍግ፣ ስሙን ዛሬ የሚያስታውስ በሌለበት አገር። በዚያ ዘመን ከብት ሁሉ ይናገር ነበር፤ ታዲያ የሚናገረው ለጌታው ብቻ ነው። የጌታውን ገመና ለሌላ ማውጣት ለከብት ነውር ነበር።

ባዘዘው ሲራራ ነጋዴ ነው። ከቆላ ጨው ጭኖ ደጋ ይወጣል፣ ከደጋ እህል ጭኖ ቆላ ይወርዳል። ሀብቱ አንዲት በቅሎ ናት፤ እንኮዬ ትባላለች። ስሙን ያወጣችላት ሚስቱ የሻረግ ነበረች። እግዜር ልጅ አልሰጣቸውም፤ የሻረግም እናቷ የሞተችባትን ውርንጭላ በእጇ ወተት እያጠጣች፣ «እንኮዬ፣ አንዲቷ» እያለች አሳደገቻት። ኋላ ታማ ልትሞት ስትል የባሏን እጅ ያዘችና፣

«ባዝዬ፣ እኔን አፈር ይብላኝ። እሷን ግን አደራ» አለችው።

ከዚያ ወዲያ ባዘዘው ቤቱ ገብቶ «መጣሁ» የሚላት ከእንኮዬ ሌላ ማንም አልነበረውም።

ሲራራ እንግዲህ ለብቻ አይኬድም። ሽፍታ አለ፣ ሙላት አለ፣ ገደል አለ። ነጋዴ ከነጋዴ ተጠጋግቶ ነው የሚጓዘው። የባዘዘው ጓዶች ደግሞ አንድ ልማድ ነበራቸው፤ «ጀርባ ማሳየት» ይሉታል። ከሰፈሩ በኋላ፣ ፀሐይ ሳትጠልቅ፣ እህል ሳይቀመስ፣ ክብ ሠርተው ይቀመጣሉ። ሁሉም በየተራው በቅሎውን መሀል ያስገባል። ከዚያ ኩርታኑን፣ ያን ከጭነት ስር የሚውለውን ወፍራም ድልድል፣ ያነሳና «ጀርባዬን እዩልኝ» ይላል። ጓዶቹ ያያሉ፣ ይዳስሳሉ፣ ይመክራሉ። የበቅሎው ሲያልቅ የራሱን ይናገራል፤ ገበያ የከዳው፣ ደንበኛ የሸሸው፣ ከሚስቱ የተኳረፈ ሳይቀር። አንዱን የመታው እንቅፋት ለሌላው መብራት ይሆነዋል። ባለቤት የለመደውን ጉድለት የጓደኛ ዓይን አያልፈውም።

ሕጉ ግን አንድ ነው፦ ባለቤቱ «እዩልኝ» ካላለ፣ በሰው ኩርታን እጅ አይገባም።

አለቃቸው አያ ጓንጉል ነበሩ፤ ጠጉራቸው ጥጥ የመሰለ፣ ሲራራውን በአንዲት አሮጌ ጅራፍ የሚመሩ ሽማግሌ። ከነጋዴዎቹ መሀል እትዬ ብርቄ የምትባል በርበሬ ነጋዴም ነበረች። ባሏ ከሞተ ወዲህ በቅሎውንም ንግዱንም የያዘች፣ ምላሷ ከበርበሬዋ የማይተናነስ ሴት ናት።

አንድ ጊዜ ጨው ጭነው ከቆላ ተነሱና መጀመሪያ የሰፈሩበት ዛፍ ጥላ ስር ተቀመጡ። እትዬ ብርቄ በቅሎዋን እየጎተተች መሀል ገባች።

«ጀርባዬን እዩልኝ። የበቅሎዬን ነው የምላችሁ፤ የኔንማ የሚያይልኝ ከሞተ ቆየ።»

ሰው ሁሉ ሳቀ። ባዘዘው ግን ተነስቶ የበቅሎዋን ጀርባ በመዳፉ ዳሰሰ፣ ጎንበስ ብሎ አየ።

«እትዬ ብርቄ፣ ጭነትሽ ወደ ግራ ያዘነብላል። ጠጉሩ በግራ በኩል ሳስቷል፤ ነገ ይቆስላል። መጫኛውን ስታጠብቂ ሁልጊዜ ባንድ ወገን ነው የምትቆሚው፤ አይደል?»

«ውይ! በምን አወቅህ?»

«ጀርባዋ ነገረኝ። ነገ ዞረሽ በሌላው ወገን አጥብቂው።»

«ዓይን ማለት ይሄ ነው» አሉ አያ ጓንጉል። ቀጥለውም ጅራፋቸውን ጉልበታቸው ላይ አኖሩና፣ «ልጆቼ፣ እኔ ጉልበቴ ከድቶኛል። ደጋ ስንደርስ ይህችን ለሌላ አስረክባለሁ» አሉ። ይህን ሲሉ ያዩት ባዘዘውን ነው።

የባዘዘው ልብ ዘለለ። ወዲያው ደግሞ ደነገጠ፤ ተራው የሱ ነበራ። ያን ዕለት ጠዋት ሲጭን እንኮዬ ጀርባ ላይ ምስር የምታህል ቁስል አይቷል። የሚያደርገው ቢጠፋው የየሻረግን ነጠላ አጥፎ ቁስሉ ላይ አለበሰና ኩርታኑን በላዩ ጫነ። አሁን በልቡ፣ «የገዛ በቅሎውን ገጣባ ያደረገ ሰው ጅራፍ ይሰጠዋል?» አለ። በአፉ ግን፣

«እንኮዬን አልቧታል። ላቧ ሳይደርቅ ኩርታን ማንሳት ብርድ ያስገባል። የኔ ለነገ ይደር» አለ።

ወደ ሣሩ ሲወስዳት በቅሎዋ ተናገረች።

«ጌታዬ፣ ኩርታኑን አንሳልኝ፤ ጓዶችህ ይዩኝ።»

«ዝም በይ እንኮዬ። ቁስልህን ሸፍነው፤ ዝንብ እንዳያየው።»

«ጓዶችህ ዝንብ ናቸው?»

ባዘዘው ፊቱን ወደ ምሥራቅ አዙሮ ጸሎት ጀመረ።

በማግስቱ አቀበቱን ሲጀምሩ ካፊያ ጣለ። ጨው ካፊያ አይወድም፤ ያለቅሳል። የእንኮዬ ጭነት ቀስ እያለ ሟሟ፣ ውሃው በኩርታኑ ስር ሰረገ፣ ነጠላውን አራሰ፣ ከቁስሉ ገባ። በእግዜር፣ በቁስል ላይ ጨው! እሷ ግን ጆሮዋን ጣል አድርጋ ዝም ብላ ወጣች፤ በሰው ፊት አትናገርማ።

ካፊያው አባርቶ ሰፈሩ፣ ክብ ሠሩ። «ጀርባዬን እዩልኝ» አለ አንዱ። አዩለት። «ጀርባዬን እዩልኝ» አለ ሌላው። አዩለት። ባዘዘው ለሁሉም መከረ፤ ለአንዱ ቅባት አዘዘ፣ ለአንዱ የትኛው ገበያ እንደሚሻለው ነገረ። ምክሩም አንድ አልሳተም። የራሱ ተራ ሲደርስ ግን ሰማይ ሰማይ አየ።

«ደመናው እንደገና ሊጥል ነው። እርጥበት ሳይነካት ባስጠጋት ይሻላል።»

«አንተ ሰው!» አለች እትዬ ብርቄ። «በቅሎህን ሙሽራ አደረግሃት እንዴ፣ መሸፈኛዋ የማይነሳ?»

ሰው ሁሉ ሳቀ፤ ባዘዘውም አብሮ ሳቀ።

ከቋጥኝ ጥግ ሲያስራት እንኮዬ እንደገና፣

«ጌታዬ፣ ኩርታኑን አንሳልኝ፤ ጓዶችህ ይዩኝ» አለችው።

«ዝም በይ እንኮዬ። ሌት ተቀን እግዜርን እለምንልሻለሁ፤ እሱ ይፈውስሻል።»

«እግዜርማ መልሶልሃል። ያው ክብ ሠርተው አንተን ይጠብቃሉ።»

ይህ ቃል ገባው። ልጓሟን ይዞ ወደ ጓዶቹ መራመድ ጀመረ። ጥቂት እንደሄደ ግን ጅራፏ በአያ ጓንጉል ጉልበት ላይ ተጋድማ አያት። ቆመ። ያባቱም ቃል መጣችበት። ልጓሙን መለሰው።

አያ ጓንጉል ይህን አይተው ኖሮ በዘንጋቸው ተደግፈው መጡ።

«ባዘዘው ልጄ፣ የምትነግረኝ ነገር አለ?»

«የለም፣ አያ ጓንጉል።»

«የለም?»

«እግዜር ይመስገን፣ ደህና ነን።»

የሽማግሌው እጅ ወደ እንኮዬ ኩርታን ተዘረጋ። ሊነካው ትንሽ ሲቀረው ቆመ፤ ሕግ ነዋ። ከዚያ እጃቸውን መልሰው በጋቢያቸው ከተቱትና ሄዱ።

በሦስተኛው ቀን ትልቁን አቀበት ያዙ። መንገዱ ባንድ ወገን ገደል፣ ባንድ ወገን ግድግዳ ነው። እንኮዬ ትንፋሿ ይቆራረጣል፣ እግሯ ይንቀጠቀጣል። መታጠፊያው ላይ ሲደርሱ ባዘዘውና እሷ ከሌሎቹ ወደ ኋላ ቀሩ።

«ጌታዬ፣ ኩርታኑን አንሳልኝ፤ ጓዶ...» አለች። ሳትጨርሰው በጉልበቷ ተንበረከከች፣ ቀጥሎም በጎኗ ወደቀች።

ያኔ ነው ባዘዘው የጮኸው፤ ተራራው እስኪመልስለት ድረስ።

«ጀርባዬን እዩልኝ! ኧረ ጓዶቼ፣ ጀርባዬን እዩልኝ!»

ጭነታቸውን ትተው እየተንደረደሩ መጡ። መጫኛውን ፈትተው ኩርታኑን አነሱት። ነጠላው ከሥጋዋ ተጣብቆ በስንት መከራ ተላቀቀ። እትዬ ብርቄ ጥለቱን ስታየው አፏን ያዘች።

«ይሄ... ይሄ የየሻረግ አይደለም እንዴ? ምነው ባዘዘው! ጨው የጫነች በቅሎ፣ ቆስላ? የኔ በርበሬ ደረቅ ነው፣ ቀላልም ነው። እንቀያየር ነበር እኮ! ያንተን ጨው በኔ በቅሎ፣ በርበሬዬን ባንተ። ምን ገዶኝ? አንድ ቃል! አንድ ቃል እኮ ነው!»

ባዘዘው የሚሰማት አይመስልም። የእንኮዬን ራስ ጭኑ ላይ አድርጎ ጆሮዋን ያሻሻል። ጓዶቹ ፈቀቅ አሉለት። እሷም ቀስ ብላ፣ እሱ ብቻ እንዲሰማ፣ ተናገረች።

«አይዞህ ጌታዬ። የሻረግ ብትጠይቀኝ፣ አቀበቱ ገደለኝ እላታለሁ። ገመናህን አላወጣም።»

ከዚህ በኋላ እንኮዬ አልተናገረችም። የከብት አንደበት የተዘጋው ከዚያን ቀን ጀምሮ ነው የሚሉ አሉ፤ እውነቱን እግዜር ያውቃል።

ጓዶቹ የባዘዘውን ጨው ተካፈሉት። አንዱ ትንሽ፣ ሌላው ትንሽ፣ በየበቅሎው ላይ ሲደለድሉት ምንም የተጨመረ አይመስልም ነበር። ባዘዘው ይህን ሲያይ ፊቱን በእጁ ሸፈነ።

አያ ጓንጉል አጠገቡ ተቀመጡ። ዓይናቸው እርጥብ ነው።

«ጅራፏን ላንተ አስቤአት ነበር። ባንተ ልክ የሰው ጀርባ የሚያይ ዓይን አላየሁም። አንድ ነገር ብቻ ነበር የጠበቅሁት፤ አንተም ‹እዩልኝ› እንድትል። የቆሰለ በቅሎ ያለውማ ሁላችንም ነን። ጀርባውን የማያሳይ ሰው ግን እንዴት ሌላውን አሳይ ይላል?»

ከዚያ ተነሱ፤ ደጋ እስኪደርሱ ሳይጠብቁ ጅራፏን ወስደው በእትዬ ብርቄ እጅ አኖሩ። እሷም ተቀበለቻት፤ ያን ዕለት ግን ምንም አልቀለደችም።

«እኛ ከላይ ሰፍረን እንጠብቅሃለን» አለችው። «እንድትመጣ። ሰማኸኝ? ብቻህን እንዳትቀር።»

ሲራራው ወጣ። ባዘዘው ነጠላውን በእንኮዬ ላይ ዘርግቶ ድንጋይ ይከምርባት ጀመር። «በቅሎ ይቀበራል እንዴ?» የሚለው ሰው አልነበረም። ድንጋዩ ሳይበቃት አሞሮች መጡ። መጀመሪያ ሰማይ ላይ ዞሩ፣ ኋላ ቋጥኙ ላይ አረፉ። ድንጋይ ይወረውርባቸዋል፤ ይነሳሉ፣ ተመልሰው ያርፋሉ።

በዚህ መሀል ከላይ ወደ ታች የሚወርድ አንድ መንገደኛ ደረሰ። የማንም አገር ሰው አይመስልም፤ በትከሻው ስልቻ፣ በእጁ በትር። ቆመና አየው።

«ምን ገደላት?»

«ጀርባዋ ቆስሎ።»

«ብቻህን ነበርክ?»

ባዘዘው ቀና አለ። ጓዶቹ ከተራራው ጫፍ ላይ ተሰልፈው ይታያሉ፤ ጨዉን ተሸክመውለት። በጣቱ አመለከተ።

«ከነዚያ ጋር ነበርኩ።»

መንገደኛው ሰዎቹን አየ። ባዘዘውን አየ። አሞሮቹንም አየ። ጎንበስ ብሎ አንድ ድንጋይ አነሳና በክምሩ ላይ ቀስ አድርጎ አኖረ። ሊሄድ በትሩን ሲያነሳ እንዲህ አለው፦

«ወንድሜ፣ ለወዳጅ ያልታየ ጀርባ ለአሞራ ይታያል።»