ዘጠኝ እንቁላል፣ አንዲት ቄብ

በአንድ ወቅት፣ ፈንግል የሚባለው የዶሮ በሽታ የወይራ አምባን ዶሮ ጠራርጎ በጨረሰበት ክረምት፣ በመንደሩ የቀረው አንዲት ገብስማ ቄብና ዘጠኝ እንቁላል ብቻ ነበር። አውራ ዶሮ የሚባል አልተረፈም፤ መንጋቱን የሚነግር ጠፍቶ ሰው እንደ ልቡ አርፍዶ ይነሳ ጀመር። ከወንዙ ማዶ ያለውም መንደር እንደዚሁ ነበርና አንድ ጫጩት የሚለመን ጎረቤት እንኳ አልነበረም።

ዶሮ ለወንድ ምኑም አይደለች፤ ወጡ ሲቀርብለት ካልሆነ አያስታውሳትም። ለሴት ግን ጨውም፣ ሳሙናም፣ የልጅ ደብተርም እሷ ናት። ስለዚህ ያን ክረምት ያዘኑት ሴቶቹ ናቸው። ወንዶቹማ «ተመስገን፣ በበሬው አልመጣ» ብለው አለፉ።

ቄቧ የአንጓች ነበረች። አንጓች በሽታው መግባቱን እንደሰማች እንቅብ ደፍታባት፣ አንድ ወር ሙሉ ደጅ ሳታወጣ ከእጇ እያበላች አተረፈቻት። ባሏ ለበዓል እንረድ ቢላት «መጀመሪያ እኔን እረድ» ብላ አፉን አስያዘችው።

እንቁላሎቹ የደብሪቱ ነበሩ። ዶሮዎቿ ከማለቃቸው በፊት የጣሉትን ለቅማ፣ በከሰል ምልክት አድርጋ፣ ጤፍ ውስጥ ቀብራ አስቀመጠቻቸው። ያን ሰሞን ትንሿ ልጇ ስመኝ ኩፍኝ ይዟት ተኝታ ነበር። «እማዬ፣ አንድ እንቁላል ጥበሺልኝ» ትላለች። ደብሪቱም «ጫጩት ይሆንልሻል፣ የኔ እመቤት፤ ትንሽ ቻይ» እያለች ትከለክላታለች።

ሦስተኛዋ ያመኙሽ ነበረች። ባሏ ሞቷል፤ ልጅ አልወለደችም፤ ከወንዙ ማዶ ካለው ወንድሟ ከዋሴ በቀር የሥጋ ዘመድ አልነበራትም። ዕድሜዋን የኖረችው ዶሮ በማርባት ነው፤ ያን ክረምት አሥራ አራቱን በሦስት ቀን ቀበረች። ዶሮ የላት፣ እንቁላል የላት፣ ያላት ሙያ ብቻ ነው። ሁለቱን ሴቶች ጠርታ «ዶሮ ካንጓች፣ እንቁላል ከደብሪቱ፣ ልፋቱ ከኔ። የተፈለፈለውን ሦስት ቦታ እንካፈላለን» አለቻቸው። ሁለቱም ተስማሙ።

እንቁላል ቀስ በቀስ በእግሩ ይሄዳል የሚሉ ሰዎች ቄብ አስታቅፈው የሚያውቁ አይመስለኝም። የለመደች ዶሮ በቀን አንድ ጊዜ ተነስታ፣ ጥሬዋን ለቅማ፣ ውኃዋን ተጎንጭታ ትመለሳለች። ቄብ ግን ወይ ጥላው ትሄዳለች፣ ወይ እንደ ባሕታዊ እህል ውኃ ትታ ትቀመጣለች። የአንጓች ቄብ ሁለተኛዋ ዓይነት ሆነች። ያመኙሽ ጠዋት ጠዋት አንጓች ቤት እየሄደች፣ ቄቧን ከታቀፈችበት የስባሪ እንስራ ገለባ ላይ እያነሳች በግድ ታበላት ነበር። ቢሆንም ቄቧ ከቀን ወደ ቀን ከሳች፣ በአናቷ ላይ ያለው ቀይ ኩክኒ ገረጣ።

በአሥራ ስድስተኛው ቀን ስመኝ ሞተች። እንቁላል እንዳማራት ሞተች።

በአሥራ ስምንተኛው ቀን አንጓች ቄቧን ስታነሳት አንገቷ ዘንበል አለ። ደነገጠች። «እንቁላሉ የሰው ነው፤ ዶሮዋ ግን የኔ ናት» አለችና አገሬው መታቀፍ ለማስተው የሚያደርገውን አደረገች። ቀዝቃዛ ውኃ ውስጥ ነከረቻት፤ ከክንፏም ላባ ነቅላ በአፍንጫዋ ቀዳዳ አሻግራ ሰካችላት። ቄቧ ስታስነጥስ፣ ላባውን በእግሯ ስትፍቅ ዋለች። ከዚያ ወዲያ እንቁላሉን ዞር ብላም አላየችው። ጥሬ ለቀመች፣ ነፍስ ዘራች።

ያመኙሽ ወደ ማታ ስትመጣ እንቁላሎቹ ለብ ብለው ቀርተዋል። ሮጣ ወደ ደብሪቱ ሄደች። ደብሪቱ የሐዘን ምንጣፏ ላይ እንደተቀመጠች ቀና ሳትል ሰማቻት።

«ጣይው» አለች።

«እንዴ ደብሪቱ፣ ሦስት ቀን እኮ ነው የቀረው።»

«ዓይኔ አይየው ብዬሻለሁ! ለውሻ ስጪው!»

ያመኙሽ ለውሻ አልሰጠችም። ዘጠኙን እንቁላል በነጠላ ቋጥራ ጉያዋ ከተተች፣ በመቀነቷ ደረቷ ላይ አሰረቻቸው፣ ቤቷ ገብታ ምድጃዋ ሥር ተቀመጠች። ሰው ቢያያት አብዳለች ይላል እንጂ አይስቅም። እንጨት ለመጨመር እንኳ በዳሌዋ እየተንፏቀቀች ነው። እንቅልፍ ሲያሸልባት ሁለቱ ተሰበሩ፤ በውስጣቸው የነበሩት ሲወራጩ አየቻቸውና ከዚያ በኋላ አልተኛችም። በሁለተኛው ቀን ጠዋት ከሰባቱ ውስጥ አንዱ ቅርፊቱን ሲመታ፣ ቀጭን ድምፅም ሲያሰማ በገላዋ ተሰማት። ወልዳ አታውቅም፤ ያን ዓይነት ደስታ አታውቅም። ብቻዋን ጮክ ብላ ሳቀች።

የወንድሟ ጎረቤት በሩን ያንኳኳው ያኔ ነው።

«ያመኙሽ፣ ዋሴ ዛሬ ሌሊት አረፈ። ቀብሩ ከቀትር በኋላ ነው። ወንዙ ሳይሞላ ተነሺ።»

እጇን ጉያዋ ላይ አሳረፈች። በዚያ ዝናብ ወንዙን ብትሻገር እንቁላሎቹ አንድም አይተርፉም። ለሌላ ሰው አደራ እንዳትል፣ አንዷ ጥላቸዋለች፣ አንዷ ለውሻ ስጪው ብላለች።

«አሞኛል፤ መቆም አቅቶኛል» አለችው። «እደርሳለሁ በላቸው።»

ሰውየው ያበጠ ጉያዋን አይቶ፣ ራሱን ነቅንቆ ሄደ። በአገሯ ወንድም የሞተባት ሴት ደረቷን ትመታለች። እሷ ደረቷ ላይ እንቁላል ስለነበር መምታት አልቻለችም፤ እንዳይነቃነቁባት ቀስ ብላ አለቀሰች። ማታውኑ ወንዙ ሞላ።

በሃያ አንደኛው ቀን አንዷ ጫጩት ወጣች። ስድስቱን ሁለት ቀን ጠብቃ ስትከፍታቸው ጠጉራቸው ያማረ፣ ምንቃራቸው የተሟላ፣ ግን የሞቱ ነበሩ። የወጣችዋም ብርዱን አልቻለችም፤ ቀና ማለት አቃታት፣ ጩኸቷ እየሰለለ መጣ። የሰው ገላ እንቁላል ቢያሞቅ ጫጩት አያሳድግም። ያመኙሽ ይህን ከማንም በላይ ታውቃለች። ስለዚህ የጠላቻትን የአንጓችን በር መታች።

ቄቧ ጫጩት አይታ አታውቅም። መጀመሪያ ጭንቅላቷን ነቆረቻት፣ አደማቻት። ያመኙሽ እጇን ልትሰድ ስትል ጫጩቷ ጮኸች። ቄቧ ቀጥ ብላ ቆመች፤ ከዚያ ማንም ያላስተማራትን ድምፅ አወጣች፣ ክንፏን ዘረጋች፣ ከሥሯ አስገባቻት። አንጓች ቀስ ብላ ላባውን ከቄቧ አፍንጫ ነቀለች።

በሳምንቱ ሦስቱ ሴቶች በጫጩቷ ተካሰሱና ነገሩ አባ ጫንያለው ዘንድ ደረሰ። አባ ጫንያለው የወሰንና የበሬ ሽማግሌ ናቸው፤ በጫጩት ሲጠሩ የመጀመሪያቸው ነው። ከአንጓች ደጅ የዝናብ ገሳቸውን እንደለበሱ ተቀመጡ።

አንጓች አለች፦ «ፈንግል ያላሸነፋትን ዶሮ ሰጠሁ። አሥራ ስምንት ቀን ታቀፈች። ስትሞትብኝ አነሳኋት፤ ባላነሳት ኖሮ ዛሬ ለዚች ጫጩት እናት የሚሆናት ማን ነበር? አሁንም ያለችው በኔ ዶሮ ክንፍ ሥር ነው።»

«ጅራፍ ራሱ ገርፎ ራሱ ይጮኻል!» አለች ደብሪቱ። ፊቷ ላይ የሐዘኑ ጭረት ገና አልዳነም። የቅርፊቱን ስባሪ ከያመኙሽ ተቀብላ ለሽማግሌው አሳየች፤ የከሰሉ ምልክት አለበት። «ምልክቱ የኔ ነው። ጣይው ያልኩት ልጄን በቀበርኩ በሁለተኛው ቀን ነው፤ የዚያን ቀን ቃሌ ቃል ነው? ስመኝ አንድ ስጪኝ እያለችኝ ሞተች። የከለከልኳት ይሄንኑ ነው።»

ያመኙሽ ብዙ አልተናገረችም። ጠዋት የዋሴ ሚስት «ለእንቁላል ብላ ወንድሟን ያልቀበረች ደጃችንን እንዳትረግጥ» ብላ ልካባታለች። «እናንተ ስትተዉት እኔ አልተውኩም» አለች። «ወንድሜን ግን ተውኩት። ከዚህ ሌላ የምለው የለኝም።»

አባ ጫንያለው «እስክታድግ እዚሁ ትቆይ፤ ከዚያ ርቢውን ተካፈሉ» አሉ።

«ያለ አውራ ምን ርቢ አለ፣ አባ?» አለች አንጓች።

«ዘጠኝ እንቁላል መካፈል ያቃተን ሴቶች አንዲት ጫጩት ልንካፈል ነው?» አለች ደብሪቱ።

ሽማግሌው «እንግዲህ እግዜር ይፍረድ» ብለው ተነስተው ሄዱ። ሲጨንቃቸው የሚሉት ይህንኑ ነው። ሦስቱ ሴቶች ቄቧን ከበው፣ እርስ በርስ ሳይተያዩ፣ በጭቃው ላይ ቀሩ።

ያመኙሽ የቄቧን ደረት በእጇ ዳሰሰች። አሁንም አጥንት ብቻ ነው፤ እስከ መስከረም መድረሷን እንጃ። ጫጩቷ ለራሷ ለያመኙሽ ብትፈረድና ቤቷ ብትወስዳት ያለ እናት አንድ ቀን አታድርም። ብትተዋት ደግሞ ወንድሟን የሸጠችው በባዶ ነው። ለደብሪቱ ብትሰጣት ስመኝ አትነሳም፤ ለአንጓች ብትተውላት የከዳ ተሸለመ ይባላል።

እኔ ይህን ነገር ከሰማሁ ጀምሮ አንድ ቀን ለአንዷ፣ በማግስቱ ለሌላዋ እፈርዳለሁ፤ ሦስቱም ፊታቸውን ያዞሩብኛል። እናንተ የምትሰሙኝ፣ ፍርዱን ከመስጠታችሁ በፊት ጫጩቷ የምትኖረው በማን እጅ እንደሆነና ማን ምን እንደከፈለባት አስቡና ንገሩኝ፦ ጫጩቷ የማን ናት?