አያ ፈንቴ የጠፉ ዕለት

በእኛ አገር ሁለት ባላንጣዎች ታርቀው ማዕድ ሲቆርሱ ከታዳሚው አንዱ ሳይጥላት የማይቀር አባባል አለች። ሁሉም ይስቃል፤ ከየት እንደመጣች የሚያውቅ ግን ብዙ አይደለም። እኔ የሰማሁት እንዲህ ነው።

አያ ፈንቴ በዓባይ በረሃ አፋፍ የሚኖሩ ስመ ጥር አስታራቂ ነበሩ። ድንበር የገፋውንም፣ ደም የተቃባውንም አስማምተዋል። ኋላ ግን እርጅና አእምሯቸውን አደከመው። መጀመሪያ የበሬዎቻቸው ስም ጠፋባቸው፤ ቀጥሎ የልጆቻቸው። በመጨረሻ ሚስታቸውን እማማ ሙጪትን "እመት፣ የማን ቤት ነው ያለሁት?" ይሏቸው ጀመር። "የእርስዎ ነው" ሲሏቸው፣ "ደግ ሰው ነሽ" ብለው ይመርቃሉ።

ሁለቱ ልጆቻቸው፣ ምናለና ዋሴ፣ በመስኖ ውኃ ከተጣሉ ወዲህ አይነጋገሩም። አንድ ቀን ምናለ አባቴ ዋሴ ዘንድ ናቸው ሲል፣ ዋሴም ምናለ ዘንድ ናቸው ሲል፣ አያ ፈንቴ ከዘራቸውን ይዘው ወደ በረሃው ወረዱ።

መጥፋታቸው ሲታወቅ ልጆቹ ለፍለጋ ወጡ፤ ተኳርፈዋልና አንዱ በሸለቆው ወዲህ፣ ሌላው ወዲያ ማዶ። ነብርም ገደልም ያለበት አገር ነው፤ ከመሸ የሽማግሌው ነገር አበቃ ማለት ነው። "አባዬ፣ አባዬ" እያሉ ሲጣሩ ዋሉ። አያ ፈንቴ አንድ ሾላ ሥር ተቀምጠው ይሰሟቸዋል። ነገር ግን የሚጠሩት ሌላ ሰው መስሏቸው፣ "ምስኪኖች፣ አባታቸው ጠፍቶባቸው ነው" እያሉ ያዝኑላቸዋል።

ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ወንድማማቾቹ ከሾላው አጠገብ፣ የሸለቆው ወንዝ መሻገሪያ ላይ ፊት ለፊት ተገጣጠሙ።

"አንተ ጋ ናቸው ብዬ እኮ ነው" አለ ምናለ።

"ጠይቀኸኝ ታውቃለህ? እኔ ደጅ የምትደርሰው ውኃ ስትሰርቅ ነው።"

"ሌባስ አንተ። አባትህን በአንድ ቦይ የለወጥህ።"

ዱላ ተነሣ። ይኼኔ ከሾላው ሥር "በሕግ አምላክ!" የሚል ድምፅ መጣ። ሁለቱም ባሉበት ደርቀው ቀሩ። አያ ፈንቴ ከዘራቸውን ተመርኩዘው ብቅ አሉ።

"አባዬ" አለ ዋሴ። ሊያቅፋቸው ሲጠጋ በከዘራቸው ገታ አደረጉት።

"ችሎት ፊት መተቃቀፍ የለም። ዋስ አላችሁ?"

"እዚህ በረሃ ውስጥ ከወዴት እናምጣ?"

"እንግዲያው ትቆራኛላችሁ።"

በዚያ ዘመን ዋስ ያጣ ተከሳሽ ዳኛ ፊት የሚቀርበው ከከሳሹ ጋር ልብስ ለልብስ ታስሮ ነበር። አያ ፈንቴም የሁለቱን ጋቢ ጫፍ ለጫፍ አጥብቀው ቋጠሩ።

"የማን ልጆች ናችሁ?"

"የአያ ፈንቴ" አለ ምናለ፣ ፈራ ተባ እያለ።

ሽማግሌው ራሳቸውን ነቀነቁ። "አውቀዋለሁ። መልካም ሰው ነው። እንዲህ ያሉ ልጆች አይገቡትም ነበር።"

ዋሴ ሳቁን ሊውጥ ሞከረ፤ አልሆነለትም። ምናለም ተከተለው። ሲስቁ የሁለቱም ዓይን እንባ አቀረረ።

አያ ፈንቴ ግን አልሳቁም። ክርክሩን ከሥር ከመሠረቱ ሰምተው ፈረዱ፦ ውኃው ቀን ለምናለ፣ ሌሊት ለዋሴ፤ በሳምንቱ ደግሞ ይገላበጥ። ፍርዱ ለማንም አላደላም፤ ሁለቱም እሺ አሉ።

"በሉ አሁን ወደ ቤት እንሂድ፣ አባዬ" አለ ዋሴ።

"ከማላውቀው ሰው ጋር ወዴት እሄዳለሁ? እናንተ ሂዱ።"

ዋሴ ግራ ገብቶት ወንድሙን አየው። ምናለ ጥቂት አሰበና፣ "ዳኛችን፣ ዕርቅ በባዶ አፍ ይጸናል እንዴ?" ሲል ጠየቀ።

"ከቶ አይጸናም።"

"እንግዲያው አብረን እህል እስክንቀምስ አይለዩን።"

አያ ፈንቴ የጀመሩትን ዕርቅ መንገድ ላይ ጥለው አያውቁም። "ምሩኝ" አሉና የጋቢውን ቋጠሮ እንደ ልጓም ጨብጠው አቀበቱን ተያያዙት።

እማማ ሙጪት ከጎረቤቶቻቸው ጋር ደጅ ላይ ቆመው ይጠብቁ ነበር።

"እመት" አሉ አያ ፈንቴ፣ "ታራቂዎች ይዤ መጥቻለሁ። የሚቀመስ አይጠፋሽም?"

"ቤት የእግዜር ነው፣ ይግቡ" አሉ እማማ ሙጪት። ተቋጥረው የመጡትን ልጆቻቸውን አዩ፤ በእንባቸው መሐል ሳቅ አመለጣቸው፤ ወደ ጎረቤቶቻቸውም ዘወር ብለው እንዲህ አሉ፦ "ሽማግሌ ቤቱ ቢጠፋው፣ ዕርቁ አይጠፋው።"