አህያ ነብርንና በቅሎን የከሰሰችበት ቀን

ተረት ተረት! በሉ እስቲ፣ «ጆሯችን በረት!» እንግዲህ በሩን ክፈቱ፣ ላስገባላችሁ።

ድሮ፣ እንስሳትም ዕቃዎችም አፍ አውጥተው በሚነጋገሩበት ዘመን፣ ነብር በአንድ ወንዝ ዳር የእህል ወፍጮ ነበረው። አህያ ትሸከምለታለች። ጠዋት እህል ታመጣለች፣ ከሰዓት ዱቄት ታደርሳለች። ለድካሟም ከወፍጮው ጀርባ በእሾህ በታጠረው መስክ ትግጣለች፣ እዚያው ታድራለች። ከአጥሩ ውጭ ያለው የጅብ አገር ነው።

ታዲያ ጭነቷ የሚታሰርበት ጠፍር አረጀ። አህያ፣ «ጌታዬ፣ ጠፍሩ ሳስቷል» አለችው። ነብር፣ «ተሸከሚ» አላት። በማግስቱ፣ «ጌታዬ፣ ጠፍሩ ተሰንጥቋል» አለችው። «ተሸከሚ» አላት። በሦስተኛው ቀን፣ «ጌታዬ፣ ጠፍሩ ሊበጠስ ነው» አለችው። «ተሸከሚ ብያለሁ!» አላት።

ተሸከመች። ወንዙ መሃል ስትደርስ ጠፍሩ ጧ! አለ። ጆንያው ተገለበጠ፣ ወንዙ በዱቄት ነጣ።

ነብር ተቆጣ። «ሆን ብለሽ ነው የጣልሽው! ከዛሬ ጀምሮ አላውቅሽም!» ብሎ ከአጥሩ አስወጣት። የተበጠሰውንም ጠፍር ከኋላዋ ወረወረው።

በዚያ አገር ሕግ የተባረረ ሠራተኛ አቤት የሚለው በጭነት እንስሳት ማኅበር በኩል ነው፤ ያውም ጨረቃ ሳትሞላ። የማኅበሩ ሊቀመንበር በቅሎ ነበረች። መቼም በቅሎን ታውቋታላችሁ፤ ስለ አጎቷ ስለ ፈረስ ስታወራ ትውላለች፣ የአባቷን የአህያን ስም ሲያነሱባት ግን ፊቷን ታዞራለች።

አህያ ሄደች። «እመቤቴ፣ ያለ ጥፋቴ ተባረርኩ።»

«ኮርቻዬን እያሳመርኩ ነው፤ ሌላ ቀን ነይ።»

ስትመለስ ጅብ መንገድ ዳር ተቀምጧል። «ጉዳይሽ እንዴት ሆነ?» አላት።

«ተስፋ አለኝ፣ አያ ጅቦ።»

«እኔም ተስፋ አለኝ» አለ ጅብ።

ሁለተኛ ሄደች። «ስብሰባ ላይ ነኝ» አለቻት በቅሎ፣ ብቻዋን ቆማ ገብስ እየበላች። ጅብ ቀረብ ብሎ ጠበቃት። «ጉዳይሽ እንዴት ሆነ?»

«ተስፋ አለኝ» አለች አህያ፣ ወደ ኋላ እያፈገፈገች።

«እኔም አለኝ።»

ሦስተኛ ሄደች። በቅሎ ቀና ብላ ሰማዩን አየችና፣ «ውይ፣ ጨረቃዋ ሞላች! ጊዜው አልፏል» አለቻት።

አህያ ወደ ተደበቀችበት ቋጥኝ ተመልሳ አለቀሰች። ከስታ የጎድን አጥንቷ ይቆጠራል። ያን ጊዜ፣ ነብር ከወረወረው በኋላ አንስታ ይዛው የዞረችው ጠፍር ተናገረ።

«ሁለቱንም ክሰሻቸው።»

«እኔ አህያዋ? ነብርንና በቅሎን?»

«ነብርን ብቻ ብትከሺ ‹ማኅበሩ አልመጣብኝም› ይላል። በቅሎን ብቻ ብትከሺ ‹እኔ አላባረርኳት› ትላለች። ሁለቱንም በአንድ ቀን አቁሚያቸው። እኔ ምስክርሽ ነኝ።»

ፈራች፤ ግን ከሰሰች።

ዳኛው አባ ኤሊ ነበሩ። ቀኑ ደረሰ፣ ከሳሽም ተከሳሽም ቆሙ። ጅብም መጥቶ ከፊት ተቀመጠ፣ ፍርድ ለመስማት።

ነብር፣ «ሕጉ በማኅበር በኩል ይላል። ማኅበሩ መጥቶብኛል? አልመጣም!» አለ።

በቅሎ፣ «እኔ አባርሬያታለሁ? አላባረርኩም! ደግሞስ ማኅበር ለእያንዳንዱ አህያ ይሮጣል እንዴ?» አለች።

አባ ኤሊ አንገታቸውን ቀስ ብለው አወጡ። «ማኅበር ነገሩን መርምሮ ‹አያዋጣም› ቢል መብቱ ነው። አንቺ ጠፍሩን አየሽው?»

«አላየሁትም።»

«ነብርን ጠየቅሽው?»

«አልጠየቅኩትም።»

«ታዲያ ምን አደረግሽ?»

በቅሎ ፊቷን አዞረች።

ጠፍሩ ቀርቦ፣ «ሦስት ቀን ነግራዋለች፤ ሦስቱንም ቀን እዚያው ጀርባዋ ላይ ነበርኩ» ብሎ መሰከረ። አባ ኤሊ የተበጠሰበትን ቦታ አገላብጠው አዩት፤ ግማሹ ቀድሞ የቆየ ስንጥቅ ነው። «ነግራሃለች?» አሉት ነብርን።

«መንገር ነግራኛለች፣ ግን…»

«ግኑን ተወው፤ ማኅበሩ ሥራውን ስላልሠራ ክሷን እኔው ሰምቻለሁ» አሉና ፈረዱ። «አንተ ወደ ሥራዋ መልሳት፣ አዲስ ጠፍርም ግዛላት። ጨረቃዋ እስክትሞላ የተራበችውን አንተ ካሳት። ከሞላች ወዲህ የተራበችውን ደግሞ በቅሎ ከራሷ ገብስ ትካሳት። አንዳችሁ በር ዘጋችሁ፣ አንዳችሁ ቁልፍ ደበቃችሁ።»

ጅብ ተነስቶ፣ «አባ ኤሊ፣ ይግባኝ የለውም?» ሲል ጠየቀ።

«የለውም!»

አህያ እግሯ አላመነም ነበር። አጥሩን አልፋ ስትገባ አንዴ ዞር ብላ አየች፤ የሚከተላት የለም። ያን ጊዜ ረጅም ትንፋሽ ተነፈሰች፤ አፈሩ ላይ ተንደባለለች፤ በጠራራ ፀሐይ ጎኗን አጋድማ፣ ጆሮዋን ሳታቆም፣ እንቅልፏን ለጠጠች።

ስለዚህ ልጆቼ፣ ሁለት ሆነው የበደሏችሁን ለየብቻ አትጠይቋቸው፤ ለየብቻ የዋሹ ጎን ለጎን ሲቆሙ ይጋለጣሉ።

ተረቴ አራገፈ፣ የሰማም ዐረፈ።