ምራቁ ሳይደርቅ

በአንድ ወቅት፣ አንዲት ምንጭ መቶ ማሳ በምታጠጣበት አገር፣ አባ አስማማው የሚባሉ የውሃ አባት ነበሩ። ውሃውን በተራ የሚያካፍሉ፣ ጠብም ሲነሳ የሚዳኙ እሳቸው ናቸው። እርጅና ሲጫናቸው በትራቸውን ከሦስቱ ልጆቻቸው ለአንዱ ሊያወርሱ አሰቡ። ሦስቱንም እንደ ዓይናቸው ብሌን ይወዳሉ፤ የሚያስመርጠው ግን የአገሩ ልማድ ነው። አንድ የአገር ሽማግሌ ልጆቹን ጠይቆ ድንጋይ ላይ እንትፍ ይላል፤ ምራቁ ሳይደርቅ ያልመለሰ በትሩን አያገኝም።

ዓመቱ የድርቅ ነበር። ሕዝቡ ዋርካው ሥር ተሰበሰበ። ሽማግሌው፣ «ውሃው በቀን ከአንድ ማሳ አያልፍም። የዛሬውን ለማን ትሰጣለህ?» ብለው ከጥላው ውጭ ባለው ድንጋይ ላይ እንትፍ አሉ።

ታላቁ ምንይችል አፈ ማር ነው፤ የተቆጣውን ያስቃል። «ለባልቴቷ ለእማማ ዘርፌ! እኛ ብንራብ ተበድረን እንበላለን፤ እሳቸውን ማን ያበድራቸዋል?» አለ። እልልታው ቀለጠ። እሱ ተናግሮ እምቢ የሚል የለም።

መካከለኛው ሽባባው የመቶውን ማሳ ተራ በቃሉ ይዟል። «ለባለተራው ለጎበዜ። የእማማ ዘርፌ ትናንት ነበር» አለ። እማማ ዘርፌ ራሳቸው፣ «እውነቱን ነው፤ አጠጥቻለሁ» አሉ።

ትንሹ አድማሱ ዝም አለ። ልጁ እንዲያ ነው፤ ጠዋት «እንዴት አደርክ» ያሉትን ማታ ይመልሳል እያሉ ይቀልዱበታል። አባ አስማማው፣ «በል እንጂ ልጄ» እያሉ በልባቸው ለመኑ። ፀሐዩ ግን አይምርም፤ ምራቁ ደረቀ፣ ሰውም ሳቀ። አድማሱ ተነስቶ ወደ ቦዩ ሄደ።

በማግስቱ ጭቃ በጭቃ ሆኖ መጣ። «አባዬ፣ ሾላው ሥር ቦዩ ተሰንጥቆ ውሃውን መሬት ይጠጣው ነበር። ደፈንኩት። አሁን ለሦስት ማሳ ይበቃል።»

«እሰየው» አሉ ሽማግሌው። «ግን ሰዎች ቦይ ላይ ዱላ ሲማዘዙ ‹ነገ እመልሳለሁ› ሊል ነው?»

አባ አስማማው የራሳቸውን ቀን አስታወሱ። ከአርባ ዓመት በፊት እዚያው ድንጋይ ፊት፣ ምራቁ ሳይደርቅ መልሰው በትሩን ወስደዋል። መልሳቸው ስሕተት ነበር፤ ከሳቸው በቀር ያወቀ የለም። ይህን እያሰቡ የአድማሱን ጭቃ በጋቢያቸው ጠረጉለት፤ ወደ ሌሎቹም ዞረው በፍቅር አዩዋቸው።

እንግዲህ በትሩ አንድ፣ ልጆቹ ሦስት ናቸው። እናንተው ፍረዱ። እኔ እንትፍ አላልኩምና ቀስ ብላችሁ አስቡበት፦ በትሩ ለማን ይገባል?